ከማቀዝቀዣ ውጭ ያደረ የላቦራቶሪ ሪኤጀንት ይታመናል? የጅቡቲ ሙቀት የሚያነሳው ጥያቄ

ሄሮን በጅቡቲ ከተማ፣ ወደ ባሕሩ ገባ ባለ ምድር ላይ ያረፈ ሰፈር ነው። በሐምሌ ወር በከተማዋ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፤ ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ እምብዛም አይወርድም። ኻምሲን የሚባለው ነፋስ ከበረሃው ሲነሳ፣ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት እንደ ምድጃ ይግላል።

በዚህ ሰፈር የሚገኝ አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ እንበል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹ በሩን ቆልፈው ይወጣሉ። በጅቡቲ የሳምንቱ የዕረፍት ቀናት ዓርብና ቅዳሜ ናቸው። በዚያው ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩም አይነሳም። እሑድ ጠዋት በሩ ሲከፈት በፍሪዘሩ ውስጥ የነበረው በረዶ ቀልጦ ውሃ ሆኗል፤ ጠርሙሶቹም የክፍሉን ሙቀት ይዘዋል። ከደጅ ደግሞ ትኩሳት ያለባቸው ሕሙማን ተሰልፈዋል።

ጠርሙሶቹ ሲታዩ እንደ ቀድሞው ናቸው። ቀለማቸው አልተለወጠም፤ ሽታም የላቸውም። ሪኤጀንት የሚባሉት እነዚህ የምርመራ ግብዓቶች ግን አሁንም ይሠራሉ? ሁሉንም መጣል ምርመራውን ለሳምንታት ሊያስቆም ይችላል። ሁሉንም መጠቀም ደግሞ ታሞ የመጣን ሰው "ጤነኛ ነህ" ብሎ ወደ ቤቱ ሊመልስ ይችላል።

ጥያቄው የጅቡቲ ብቻ አይደለም። በሰመራ፣ በጋምቤላ፣ በጎዴም ሆነ በድሬዳዋ የሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሁሉ ሊገጥመው ይችላል።

"የክፍል ሙቀት" የማን ክፍል ሙቀት ነው?

የመጀመሪያው ችግር ከቃሉ ይጀምራል። በሪኤጀንት ዕቃ ላይ "በክፍል ሙቀት ይቀመጥ" ወይም "በክፍል ሙቀት ለአንድ ሳምንት ይቆያል" የሚል ጽሑፍ ሲነበብ፣ ጽሑፉን ያዘጋጁት ሰዎች ያሰቡት ክፍል ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ የሚገኝ ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት መመዘኛ ሰነድ ቁጥጥር የሚደረግበት የክፍል ሙቀት የሚለው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ያለውን ነው። የአውሮፓው ደግሞ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይላል።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ የምትገኘው አዲስ አበባ ከዚህ ልክ ብዙም አትርቅም። መብራት በጠፋበት የሄሮን ክፍል ውስጥ ግን "የክፍል ሙቀት" ማለት 35 ወይም 40 ዲግሪ ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ምንም ያልነካው ሪኤጀንት ጅቡቲ ላይ በተመሳሳይ ሰዓት ሊበላሽ ይችላል።

ልዩነቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በኬሚስትሪ የተለመደ ግምታዊ ሕግ አለ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አብዛኞቹ ኬሚካላዊ ለውጦች፣ መበላሸትም ጭምር፣ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናሉ። በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ የነበረ ጠርሙስ በ22 ዲግሪ ሁለት ቀን ቢውል፣ በፍሪጅ ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እንዳረጀ ያህል ይቆጠራል። በ40 ዲግሪ ሁለት ቀን ቢውል ግን ከ24 ቀን እስከ ሦስት ወር ከግማሽ ያህል ያረጃል።

የአንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ያለው ሪኤጀንት ይህን ሊችለው ይችላል። ሊያበቃ አንድ ወር የቀረው ግን አይችለውም። ስሌቱ ወሰንም አለው። ፕሮቲኖች እስከ አንድ የሙቀት ደረጃ ድረስ ቀስ በቀስ ያረጃሉ፤ ያን ደረጃ ሲያልፉ ግን እንደ ተቀቀለ እንቁላል በአንድ ጊዜ ቅርጻቸውን ያጣሉ። የተቀቀለ እንቁላል ፍሪጅ ውስጥ ቢመለስ ጥሬ አይሆንም።

ጨው፣ ወተት እና ቋንጣ

"ሪኤጀንት" አንድ ነገር አይደለም። በአንድ ፍሪዘር ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡት ጠርሙሶች በባሕርያቸው እንደ ጨው፣ እንደ ወተትና እንደ ቋንጣ ይለያያሉ።

ጨው ሙቀት አይፈራም። የአፋር ሲራራዎች ከጅቡቲው አሳል ሐይቅ ዳርቻ ጨው እየዛቁ፣ በግመል ጭነው በበረሃው ሙቀት ወደ ኢትዮጵያ ሲያደርሱ ኖረዋል። ጨው ያው ጨው ነው። በላቦራቶሪ ውስጥም ሶዲየም ክሎራይድን የመሳሰሉ ጨዎች፣ አብዛኞቹ የማመጣጠኛ ኬሚካሎችና በዱቄት መልክ ያሉ ቀላል ውህዶች እንዲሁ ናቸው። ቀድሞውንም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ጠላታቸው ከሙቀት ይልቅ እርጥበት ነው።

እንደ ወተት ያሉት በፈሳሽ መልክ የተዘጋጁ ፕሮቲኖችና በቀላሉ የሚፈርሱ ሞለኪውሎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል አርኤንኤ በተለይ ደካማ ነው። በራሱ ኬሚካላዊ አሠራር በውሃ ውስጥ ይሰባበራል፤ ከሰው እጅ ሳይቀር የሚተላለፉ አርኤንኤን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችም ያጠፉታል። ለኮቪድ-19 ምርመራ እንደ ማወዳደሪያ የሚያገለግል የአርኤንኤ ናሙና ቀልጦ ሁለት ቀን በ40 ዲግሪ ከዋለ እምነት ሊጣልበት አይችልም።

አምፒሲሊንና መሰሎቹ አንቲባዮቲኮችም በዚህ ወገን ናቸው። አንድ ባክቴሪያ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት ለማወቅ ላቦራቶሪዎች አንቲባዮቲክ የተነከረባቸው ትናንሽ ክብ ወረቀቶችን፣ ማለትም ዲስኮችን፣ ይጠቀማሉ። በሙቀትና በእርጥበት ኃይሉን ያጣ ዲስክ ባክቴሪያውን መግደል ያቅተዋል። ያን ጊዜ የላቦራቶሪው ውጤት "ተሕዋሱ መድኃኒቱን ተላምዷል" ይላል። ሐኪሙም ርካሹን መድኃኒት ትቶ ውዱን ያዝዛል። መድኃኒቱን የተላመደ ተሕዋስ ግን አልነበረም፤ የሞተው ዲስኩ ነው።

እንደ ቋንጣ ያሉት ደግሞ ውሃቸው ተመጥጦ የደረቁ ዝግጅቶች ናቸው። ሥጋ ሲደርቅ እንደሚቆይ ሁሉ፣ ውሃ ሲወጣ አብዛኛው የመበላሸት ሂደት ይቆማል። የአፍሪካ ቀንድ ለዚህ ታሪካዊ ምስክር ነው። ፈሳሹ የፈንጣጣ ክትባት በሞቃት አገሮች በቀናት ውስጥ ኃይሉን ያጣ ነበር። በቅዝቃዜ እንዲደርቅ የተደረገው ክትባት ግን በ37 ዲግሪ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። እ.አ.አ በ1971 በኢትዮጵያ የተጀመረው የማጥፋት ዘመቻ ማቀዝቀዣ ወደማይታሰብባቸው መንደሮች መድረስ የቻለው በዚህ ደረቅ ክትባት ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ታማሚ የተመዘገበው በ1976፣ በተፈጥሮ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ታማሚ ደግሞ በ1977 በሶማሊያዋ መርካ ነበር።

ከተገመተው በላይ የሚበረቱት

ብዙ ባለሙያዎች ከሁሉ በፊት የሚሰጉት ለኢንዛይሞች ነው። አንዳንዶቹ ግን ከሚታሰበው በላይ ጠንካሮች ናቸው።

በፒሲአር ምርመራ ዲኤንኤን የሚያባዛው ታክ ፖሊመሬዝ የተባለው ኢንዛይም የተገኘው፣ በ1960ዎቹ በአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ ፍል ውሃ ውስጥ ከተለየ ቴርመስ አኳቲከስ ከተባለ ባክቴሪያ ነው። ይህ ኢንዛይም ሥራውን የሚያከናውነው በ72 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በ95 ዲግሪም ለብዙ ደቂቃዎች ይቋቋማል። የሄሮን ሙቀት በራሱ አይገድለውም። በፍሪዘር የሚቀመጠው ለወራትና ለዓመታት ኃይሉ እንዳይቀንስ ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜም ቢሆን አይረጋም፤ ግማሹን ያህል ግሊሰሮል የሆነ ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው።

ዲኤንኤን በተወሰነ ቦታ የሚቆርጡት ኢንዛይሞችም ብዙዎቹ በ20ዎቹ ዲግሪዎች ለቀናት ሥራቸውን አይተዉም። አንዳንዶቹ ግን በሰዓታት ውስጥ ይዳከማሉ። ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም አንቲቦዲዎች፣ ንጹሕ ሆነው ከተያዙ ለቀናት ይቆያሉ። ከቀለም ሰጪ ኢንዛይም ጋር የተጣመሩት ግን ይበልጥ ስሱ ናቸው።

በዕቃው ላይ የተጻፈው የሙቀት ልክ ሪኤጀንቱ የሚሞትበት ድንበር ማለት አይደለም። አምራቹ ፈትሾ ዋስትና የሰጠበት ልክ ነው። ለዚህ ከሪኤጀንት ውጭ የሆነ የቅርብ ምሳሌ አለ። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኬንያ ዳዳብ በሚገኘው የዳጋሃሌ የስደተኞች መጠለያ የተመዘገበውን የሙቀት መለዋወጥ ተከትለው ኢንሱሊንን ፈትሸው ነበር። በ2021 ይፋ ባደረጉት ውጤት መሠረት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለአራት ሳምንታት የተቀመጠው ኢንሱሊን ኃይሉን አላጣም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት "መለያው ላይ የተጻፈው አያስጨንቅም" የሚል አይደለም። ተመራማሪዎቹ እርግጠኛ የሆኑት ስለለኩ ነው። የሄሮኑ ላቦራቶሪም የራሱን ጠርሙሶች ሳይፈትሽ በሌሎች ልኬት መተማመን አይችልም።

ዝም ብሎ የሚዋሽ ምርመራ

የተበላሸ ወተት ይሸታል፤ የሞተ ሪኤጀንት ግን ዝም ይላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ "የለም" የሚል ነው። ይህ መልስ ደግሞ በእውነት በሽታው ከሌለበት ሰው ውጤት ጋር አንድ ዓይነት ነው።

በጅቡቲ ይህ ጉዳይ ከወባ ጋር ሲያያዝ ክብደቱ ይጨምራል። አገሪቱ በ2012 የመዘገበችው የወባ ታማሚ ቁጥር 27 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት መነሻዋ እስያ የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች ትንኝ በጅቡቲ ከተማ ተገኘች። ይህች ትንኝ በከተሞች፣ በውሃ ማጠራቀሚያዎች ሳይቀር ትራባለች። በ2020 የተመዘገበው የታማሚዎች ቁጥር ከ73,000 በላይ ደረሰ። ትንኟ በ2016 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኝታለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች።

ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ በስስ ንጣፍ ላይ የደረቁ አንቲቦዲዎችን የያዘ ነው። ስለዚህ ከቋንጣ ወገን ነው፤ እንደ ዓይነቱ እስከ 30 ወይም እስከ 40 ዲግሪ ድረስ እንዲቀመጥ ይፈቀዳል። በፀሐይ በጋለ ኮንቴይነር ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ግን ሙቀቱ ከዚያ ያልፋል። ከረጢቱ ከተቀደደም የባሕር ዳርቻው እርጥበት ይገባበታል።

መመርመሪያው ላይ የምትወጣው የመቆጣጠሪያ መስመር ብዙዎችን ታዘናጋለች። መስመሯ ከታየች ምርመራው እንደሠራ ይታሰባል። መስመሯ የምታረጋግጠው ግን ፈሳሹ በንጣፉ ላይ በትክክል መፍሰሱንና ቀለም ተሸካሚው አንቲቦዲ አለመሞቱን ብቻ ነው። የወባውን ፕሮቲን የሚይዘው የሌላኛው መስመር አንቲቦዲ በሙቀት ተዳክሞ ሊሆን ይችላል።

በአፍሪካ ቀንድ ደግሞ ሌላ ውስብስብ ነገር አለ። ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የተባለውን የፋልሲፓረም ወባ ፕሮቲን ነው። በኤርትራ፣ በጅቡቲና በኢትዮጵያ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው የወባ ጥገኛ ተሕዋሳት ተገኝተዋል። በዚህ ምክንያት መመርመሪያው ፍጹም ጤናማ ቢሆንም እንኳ ወባውን ሊስት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በጂኑ መጥፋት የሚያመልጡት ታማሚዎች ከ5 በመቶ ሲበልጡ አገሮች ሌላ ዓይነት መመርመሪያ እንዲጠቀሙ ይመክራል።

እንግዲህ በሄሮን ወባ ያለበት ሰው ውጤት "የለም" ቢል ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ የመመርመሪያው በሙቀት መበላሸት ወይም የተሕዋሱ ጂን መጥፋት። ሁለቱ በዓይን አይለዩም። ያልታከመ የፋልሲፓረም ወባ ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመም ሊሸጋገር ይችላል።

እዚህ ላይ የሚደርሰው አሮጌው ዘዴ ነው። ከ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጊምሳ ቀለም በሜታኖልና በግሊሰሮል የተበጠበጠ በመሆኑ፣ በደንብ ተከድኖ ከብርሃን ከተጠበቀ ማቀዝቀዣ አይሻም። ውሃ እንዳይገባበትና ለሥራ የቀጠነው በዕለቱ እንዲዘጋጅ ብቻ ይጠይቃል። መብራት ጠፍቶ በሰነበተበት ጠዋት፣ የሠለጠነ ባለሙያና አንድ ማይክሮስኮፕ ከፍሪዘሩ ይልቅ የሚታመኑት ለዚህ ነው።

ራሱን የሚመረምር ምርመራ

አንዳንድ ዘመናዊ መሣሪያዎች ድካማቸውን እንዲናገሩ ሆነው ተሠርተዋል። በኢትዮጵያም ሆነ በጅቡቲ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚያገለግለው ጂንኤክስፐርት አንዱ ነው። ለዚሁ ምርመራ በብዛት የሚያገለግለው ካርትሪጅ ከ2 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንዲቀመጥ የተዘጋጀ ነው። በውስጡም ከደረቁት ሪኤጀንቶች ጋር ጉዳት የማያደርስ የባክቴሪያ ዘር አብሮ ተቀምጧል። መሣሪያው የታማሚውን ናሙና ሲመረምር ይህንንም ዘር ይፈልጋል። ናሙናው የነቀርሳ ተሕዋስ የሌለበት ሆኖ መሣሪያው ይህን ዘር ማግኘት ካቃተው፣ "ነቀርሳ የለም" ከማለት ይልቅ "ውጤቱ ዋጋ የለውም" ይላል።

በክትባቱም ዘርፍ ተመሳሳይ ዘዴ አለ። ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ክትባት ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ምልክት በክብ ውስጥ ያለ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ሙቀት ባገኘ ቁጥር ይጠቁራል። ማዕዘኑ ክቡን ሲመስል ክትባቱ ይጣላል። አብዛኞቹ የላቦራቶሪ ሪኤጀንቶች ግን እንዲህ ያለ ምስክር የላቸውም። ምስክሩን ማዘጋጀት ያለበት ባለሙያው ነው።

እሑድ ጠዋት ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ነገር አለመጣልና ምንም ነገር አለመጠቀም ነው። ሁሉም ጠርሙስ "እስኪጣራ አይነካ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ለብቻው ይቀመጣል። መብራቱ የጠፋበት ሰዓት፣ የክፍሉና የፍሪዘሩ ሙቀት ይመዘገባል። ሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ እዚህ ላይ ይጠቀማል። የሌለው ግን በግምት ይፈርዳል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በድንጋጤ ሁሉንም ወደ ፍሪዘር አለመመለስ ነው። ቀልጦ እንደገና መርጋት በብዙ ፕሮቲኖች ላይ ተጨማሪ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የቀለጠው እስኪጣራ ድረስ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ቢቆይ ይመረጣል። ከፍሪጅ የወጣ የደረቀ ሪኤጀንትም የክፍሉን ሙቀት ሳይይዝ መከፈት የለበትም። አለበለዚያ በሄሮን እርጥብ አየር ውስጥ ጠል ይይዝና የደረቀው ይረጥባል።

ሦስተኛው ጠርሙሶቹን እንደ ባሕርያቸው መለየት ነው። ጨው መሰሎቹ ወደ መደርደሪያቸው ይመለሳሉ። አርኤንኤና በሙቀት የሚፈርሱ አንቲባዮቲኮች ይወገዳሉ። የተቀሩት ወደ ፍተሻ ይሄዳሉ፤ አምራቹም ስለ ሙቀቱና ስለ ቆይታው ተነግሮት ይጠየቃል።

ፍተሻው ራሱ አንድ ወጥመድ አለው። ብዙ ተሕዋስ ያለበትን ናሙና ብቻ መርምሮ "ሠርቷል" ማለት ያሳስታል። ግማሽ ኃይሉን ያጣ ሪኤጀንት ብዙውን ሊያገኝ ይችላል፤ የሚያመልጠው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ተሕዋስ የሌለበት፣ ብዙ ያለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥቂት ብቻ ያለበት ናሙና ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስቱ በሙቀት ባልተነካ ሪኤጀንት ጎን ለጎን ተመርምረው ውጤቱ ካልተለያየ፣ ሪኤጀንቱ ወደ ሥራ ሊመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላም በየዕለቱ መፈተሹ ይቀጥላል፤ ሙቀት ያገኘ ሪኤጀንት የቀረው ዕድሜ አጭር ሊሆን ይችላልና።

ይህን ለማድረግ ናሙናው ወይም ጊዜው ከሌለ፣ ለሕሙማን ምርመራ አለመጠቀም ብቸኛው መንገድ ነው። ያም ሆኖ ጠርሙሱ የግድ ቆሻሻ አይሆንም፤ "ለሥልጠና ብቻ" ተብሎ ተማሪዎች እጃቸውን ሊያፍታቱበት ይችላሉ።

ከማቀዝቀዣ ውጭ ያደረ ሪኤጀንት ሊተርፍ ይችላል፤ ብዙዎቹም ይተርፋሉ። ነገር ግን መትረፉን ከጠርሙሱ መልክ ማወቅ አይቻልም። በሩ ላይ የተሰለፈው ሕመምተኛ ውጤቱን ሲቀበል ስለ ጠፋው መብራት የሚያውቀው ነገር የለም። "ወባ የለብህም" የሚለውን ወረቀት አምኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከእርሱ በፊት ጥቂት ተሕዋስ ብቻ ያለበት ያ አንድ ናሙና ተመርምሮ ከሆነ፣ ወረቀቱ ሊታመን ይችላል።